የሬዲዮ ድራማችን ያልሰማቸው ድምፆች፦ ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ አንጻር የቀረበ ዳሰሳ

በአማርኛ የሬዲዮ ድራማ ላይ የሚሰነዘር ትችት አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በድርሰቱ ላይ ነው። ታሪኩ ተንዛዛ፣ ገጸ ባሕርያቱ ሰባኪ ሆኑ፣ መልእክቱ ከድራማው ቀድሞ ወጣ ይባላል። ስለ ድምፁ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። በር ሲንኳኳ ሦስቴ ኳ ኳ ኳ ይላል፤ ትዕይንት ሲቀየር ጥቂት ሰከንድ ሙዚቃ ይገባል፤ ሰው ሲያዝን ዋሽንት፣ ሲደነግጥ የኪቦርድ ጩኸት ይሰማል። የቀረው ሁሉ ንግግር ነው። ባል ሚስቱን «ዝናቡ ጀመረ፤ ልብሱን አስገቢ» ይላታል እንጂ ዝናቡ ራሱ እንዲናገር አይፈቀድለትም። እዚህ የምመረምረው ጥያቄ ድምፅና ሙዚቃ ከአጃቢነት ወጥተው የሬዲዮ ድራማን ታሪክ ራሱን መሸከም ይችሉ እንደሆነ ነው። መልሴ ይችላሉ የሚል ነው። ለሙከራውም የሚሆነው ጥሬ ሀብት ከአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች ይልቅ እንደ ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ ባሉ ቦታዎች ሞልቶ እንደሚገኝ፣ የጎደለውም ገንዘብ ወይም መሣሪያ ከመሆኑ በፊት የማዳመጥ ልማድ እንደሆነ እከራከራለሁ።

በእጃችን ካለው እንጀምር። የአማርኛ አድማጭ ረጅምና ውስብስብ ታሪክን በጆሮው ብቻ መከታተል እንደሚችል ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከበትን መንገድ የሰማ ትውልድ መጽሐፉን ያነበበውም ያላነበበውም ገጸ ባሕርያቱን በድምፃቸው ያውቃቸዋል። አንድ ተዋናይ ብቻውን የባላባቱን ትዕቢት፣ የካህኑን ለዛ፣ የገበሬውን ምሬትና የልጃገረዲቱን ፍርሃት ሲለዋውጥ አድማጩ ማን እንደሚናገር አልጠፋውም። ስኬቱ ግን የራሱ ጥላ ነበረው። ከዚያ በኋላ የመጣው ትረካም ድራማም የወረሰው የወጋየሁን ድምፅ ነው፤ እርሱ በእስትንፋስ፣ በዝምታና በፍጥነት ይሠራ የነበረውን ሥራ ግን ብዙዎች ልብ አላሉትም። ጥሩ ድምፅ ያለው ሰው ከተገኘ ሌላው ሁሉ ይሞላል የሚል እምነት ሥር ሰደደ። የሬዲዮ ጥበባችን በቃል ላይ የቆመው፣ ይመስለኛል፣ ከድክመት ሳይሆን ከዚህ ታላቅ ድል የተነሣ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ «የቀን ቅኝት» ነው። ይህ ተከታታይ ድራማ በፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ 257 ክፍሎች ተላልፏል። ስልቱ ከሜክሲኮው የቴሌቪዥን አዘጋጅ ከሚጌል ሳቢዶ የተወረሰ ነው፤ በጎ፣ ክፉና በመካከል የሚዋልል ገጸ ባሕርይ አቁሞ አድማጩ ከዋላዩ ጋር እንዲጓዝ ያደርጋል። አዘጋጁ ድርጅት ከ15,000 በላይ የአድማጭ ደብዳቤ እንደደረሰው ገልጿል። ደብዳቤ ወረቀት፣ ቴምብርና ወደ ፖስታ ቤት የሚወስድ መንገድ በሚጠይቅበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ድራማው የገጠሩን አድማጭ ለዓመታት አስሮ መያዝ እንደሚቻል አረጋግጧል፤ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ ሰዎች በቤታቸው እንዲነጋገሩ አድርጓል። የዚህ ዓይነቱ ስልት ጉልበት ግን ያለው በገጸ ባሕርያቱ ምርጫና ውጤት ላይ ነው። ድምፅ ያጅባል እንጂ አይወስንም። ሳይንሱ የተጠናው አድማጩ ምን አደረገ በሚለው ላይ ነው፤ ምን ሰማ፣ እንዴት ሰማ የሚለው ሳይጠየቅ አለፈ።

ወደ ጥያቄዬ ይበልጥ የሚቀርበው «የኛ» ነው። በ2005 ዓ.ም. በገርል ኢፌክት ድርጅት የተጀመረው ይህ ሥራ አዲስ አበባንና የአማራ ክልልን ዒላማ አድርጎ የሬዲዮ ድራማን፣ ውይይትንና ሙዚቃን በአንድ አዋለደ። አምስት ልጃገረዶች ይገናኛሉ፣ ባንድ ይመሠርታሉ፤ በድራማው ውስጥ የሚያገኙት ፈተና ዘፈናቸው ይሆናል፤ ዘፈኑም ከድራማው ወጥቶ በራሱ እግር ይሄዳል። እዚህ ላይ ሙዚቃ የትዕይንት መሻገሪያ መሆኑ ቀርቶ የታሪኩ ምክንያት ሆነ። በአማርኛ የሬዲዮ ድራማ ውስጥ ይህን ያህል የተደፈረ ሙከራ ሌላ አላውቅም፤ በብሪታንያ ጋዜጦች ላይ ዘመቻ ተከፍቶበት የብሪታንያ መንግሥት ይሰጠው የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ማቋረጡም የሥራውን ጥበባዊ ዋጋ አይቀንሰውም። የሚቀረው ጥያቄ የሙዚቃው አድራሻ ነው። ቅንብሩ የከተማ ፖፕ ነበር። በሀብሩ ወረዳ የምትገኘው የግራና ልጅ ዘፈኑን ወዳው ልትጨፍርበት ትችላለች፤ የድራማው ዓለም ግን የሌላ ሰፈር ዓለም ሆኖ ይሰማታል። «የኛ» ሙዚቃ ታሪክን መሸከም እንደሚችል አሳየ፤ የትኛው ሙዚቃ፣ ከየት የመጣ ድምፅ የሚለውን ግን ለሚቀጥለው ተወው።

ሙከራ የሚለው ቃል ራሱ አንዳንዱን አድማጭ ያስደነግጠዋል፤ የፈረንጅ ቅብጠት ይመስለዋል። ታሪኩን ካየነው ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ቢቢሲ ለሬዲዮ ተብሎ የተጻፈ የመጀመሪያውን ተውኔቱን ሲያስተላልፍ የሪቻርድ ሂዩዝ ታሪክ የተቀመጠው መብራት በጠፋበት የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ነበር፤ ገጸ ባሕርያቱም አድማጩም እኩል የማያዩ ሆኑ፣ የጉድጓዱንም ጥልቀት ከሩቅ የሚሰማ ዝማሬ አመለከተ። እ.ኤ.አ. በ1957 የሳሙኤል ቤኬት የሬዲዮ ተውኔት ሲሠራ አዘጋጁ የበግና የላም ድምፅ ከመቅዳት ይልቅ ሰዎች እንዲያስመስሉት አደረገ፤ ምክንያቱም የሚፈለገው እውነተኛ ላም ሳትሆን የተውኔቱ አሮጊት ገጸ ባሕርይ በልቧ የምትሰማት ላም ነበረች። በዓመቱ ቢቢሲ ለእንዲህ ያለ ሥራ ራሱን የቻለ የድምፅ ወርክሾፕ አቋቋመ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እ.ኤ.አ. በ1944 ሐሊም አል-ደብህ የሚባል ግብፃዊ ወጣት ከሬዲዮ ጣቢያ በተዋሰው የሽቦ መቅጃ በካይሮ የዛር ሥነ ሥርዓት ቀርጾ፣ ድምፁን በጣቢያው ክፍሎች ውስጥ እያስተጋባና እየቀየረ አዲስ የሙዚቃ ሥራ አወጣበት። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በፓሪስ ሬዲዮ የባቡርን ድምፅ ወደ ሙዚቃ ከመለወጡ አራት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። እኛም ዛር የሚባለው ነገር እንዲብራራልን የሚያስፈልገን ሰዎች አይደለንም።

ይህ ሰው ደግሞ ወደ አዲስ አበባ መጣ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ፤ ለየብቻቸው ይጫወቱ የነበሩትን የማሲንቆ፣ የክራር፣ የበገና፣ የዋሽንትና የእምቢልታ ባለሙያዎች በአንድ መድረክ አሰባሰበ፤ ቡድኑን በኋላ ተስፋዬ ለማ ለዓመታት መርቶታል። የቴፕ ሙዚቃ ፋና ወጊ የሆነ ሰው በከተማችን ኖሮ፣ የሬዲዮ ጣቢያም በአቅራቢያው እያለ፣ ሁለቱ ተገናኝተው የሬዲዮ ድራማ ልማድ አለመፍጠራቸው ከሚያስቆጩኝ ነገሮች አንዱ ነው። የባህል ሙዚቃው ወደ መድረክ ሄደ፣ ድራማው በስቱዲዮ ቀረ፤ እስካሁንም ተለያይተው ይኖራሉ።

አሁን ወደ ወልድያ እንምጣ። ይህች የሰሜን ወሎ ከተማ መንገዶች የሚገናኙባት ናት፤ ከደሴ የሚመጣው፣ ወደ መቀሌ የሚቀጥለው፣ በጋሸና በኩል ወደ ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር የሚታጠፈው ሁሉ እዚያ ይቆማል። ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ አለች፤ በዙሪያዋ ሲሪንቃ፣ ውርጌሳ፣ ግራና አሉ፤ ወረዳው በምሥራቅ ከአፋር ይዋሰናል። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ደጋና ቆላ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም፣ አርሶ አደርና አርብቶ አደር፣ ነጋዴና ሹፌር በየራሳቸው ድምፅ ይኖራሉ። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸውን የወሰዱት ከወሎ ምድር ነው፤ አምባሰልን በማሪቱ ለገሰ ድምፅ ያልሰማ የአማርኛ አድማጭም ጥቂት ነው። ይህ ለድራማ ደራሲ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ የታሰበበት አይመስለኝም። ቅኝት ለአድማጩ አስቀድሞ የተሰጠ ስሜት ነው። ማሲንቆው አምባሰልን ገና ሲጀምር፣ አንድ ቃል ሳይነገር፣ የወሎ አድማጭ የሆነ ቦታ፣ የሆነ ናፍቆት ውስጥ ገብቷል። አንድን ገጸ ባሕርይ በአንድ ቅኝት ማስገባት፣ ሲዋሽ ያንኑ ቅኝት ማዛነፍ፣ ሲሞትም ሌላው ሰው እንዲያንጎራጉረው ማድረግ ይቻላል። ተራኪው «ከዓመታት በኋላ» ማለት ሳያስፈልገው ዓመታቱ ያልፋሉ።

ከቅኝት ባሻገር ደግሞ አገሩ ውስጥ ራሳቸው ድራማ የሆኑ የድምፅ ሥርዓቶች አሉ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ቆሟል፤ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኙን ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ይመልሰዋል። በፊት ለፊት ሊነገር የማይችል ነገር፣ ቅሬታም ፍቅርም ስድብም፣ በሦስተኛ ሰው አፍ ይነገራል። የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ጠጅ ቤት ተቀምጠው አንድም ቃል ሳይለዋወጡ በአዝማሪው በኩል ብቻ ሲዋጉ የሚያሳይ የሬዲዮ ክፍል ብናስብ፣ እዚያ ውስጥ ሙዚቃው አጃቢ አይደለም፤ ጠቡ ራሱ ነው። ላሊበሎች የሚባሉት ተዘዋዋሪ ዘማሪዎች ደግሞ ገና ጎህ ሳይቀድ በሰው ደጅ ቆመው ይዘምራሉ፤ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠይቀው ዜማቸው ውስጥ ያስገቡታል። የተኛ ሰው በማያውቀው ሰው ድምፅ ስሙ ሲጠራ መስማቱን የሚያህል የመክፈቻ ትዕይንት ከየትኛውም የውጭ ጽሑፍ መዋስ አያሻንም። በመንዙማ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ድቤው እየፈጠነ ይሄዳል፤ የጊዜ መጨመቅና መወጠር እንዴት እንደሚሠራ ከዚያ የተሻለ የሚያስተምር የለም። ወልድያና ሀብሩ ያሉበት የየጁ ምድር የዳናን የመሰለ የእስልምና ትምህርትና የዝየራ ማዕከል ያፈራ ስለሆነ ይህ ጥበብ እዚያ እንግዳ አይደለም። በነሐሴ የራያ ቆቦ ልጃገረዶች ሶለል የተባለውን የበዓል ጨዋታቸውን ይጫወታሉ፤ በማሽላው እሸት ወቅት የቆላው ልጅ ማማ ላይ ቆሞ በወንጭፍና በጩኸት ወፍ ያባርራል፤ ጩኸቱም ከማማ ወደ ማማ እየተቀባበለ ይሄዳል። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ ሰዓት ሳይጠራ ጊዜን የሚቆጥር ድምፅ ነው፤ በአቦል የተጀመረ ሽምግልና በበረካ ሲፈርስ ሲኒው ብቻ ይናገራል።

ይህን ሁሉ በሬዲዮ ለማዋል የሚያስፈልገው ዕውቀት የረቀቀ ሳይሆን ትክክለኛ መሆን አለበት። ትንሽ የድምፅ ማጉያ ያላት የእጅ ሬዲዮ ወፍራም ድምፆችን ትውጣቸዋለች። ስለዚህ በስቱዲዮ ማዳመጫ ሲሰማ ደረት የሚመታ ከበሮ በገበሬው ቤት የእንጨት ኳኳታ ሆኖ ይደርሳል። ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ጭብጨባ፣ እልልታና የሰው ድምፅ ግን በመካከለኛውና በቀጭኑ የድምፅ ክልል ስለሚኖሩ ከትንሿ ሬዲዮም ጠርተው ይወጣሉ። የአገሩ ድምፅ ለአገሩ መሣሪያ የተመቸ ሆኖ ተገኝቷል ማለት ነው። ሌላው የርቀት ጉዳይ ነው። ድራማዎቻችን ውስጥ ሁሉም ሰው ከማይክራፎኑ እኩል ርቆ ስለሚናገር ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። እናት ከጓዳ፣ ልጅ ከደጅ፣ እረኛ ከማዶ ሲናገር ርቀቱ ራሱ ታሪክ ነው። የሣር ቤት ድምፅን ይመጥጣል፤ የቆርቆሮ ቤት ያስተጋባል። አንድ ቤተሰብ ከገጠር ወጥቶ ወልድያ መግባቱን በዚህ ለውጥ ብቻ ማሳወቅ ይቻላል። ዝምታም አለ። ሦስት ሰከንድ ዝምታ ሲሆን አየሩ የተቋረጠ የሚመስላቸው የቴክኒክ ሰዎች ሙዚቃ ይሞሉበታል፤ የሐዘን ቤት ዝምታን የሚያውቅ አድማጭ ግን አይደናገርም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከዚሁ አድማጭ ስም ይነሣል። ሰው ሬዲዮ የሚሰማው እያረሰ፣ እየጋገረ፣ እየነዳ ነው፤ ግልጽ ታሪክ ይፈልጋል፤ ድምፅ ብቻ ከተሰጠው ይጠፋዋል፣ ጣቢያ ይቀይራል ይባላል። ተቃውሞው እውነት አለው። ለአንድ ሰዓት ያህል ትርጉም የለሽ ጫጫታ አስተላልፎ ሙከራ ነው ማለት አድማጭን መናቅ ነው። ነገር ግን እጁ ሥራ ላይ ያለ ሰው ቃልም እኩል ያመልጠዋል። ረጅም የንግግር ልውውጥ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈው ሰው ክሩ ይጠፋዋል፤ ተደጋግሞ የሚመጣ ዜማ ግን ካቋረጠበት መልሶ ይይዘዋል። የማድመጥ ችሎታውንም ቢሆን መጠራጠር አይገባም። በመንዙማ ውስጥ የተሸሸገ ምስጢርን፣ በአዝማሪ ስንኝ ውስጥ የተቀበረ ወርቅን ከሰሙ ለይቶ የሚያወጣ ሕዝብ በድምፅ የተነገረ ታሪክ ይከብደዋል ማለት አልችልም። የሚከብደው የማያውቀው ድምፅ ነው፤ ያም የሚሆነው ከማያውቀው አገር ሲመጣ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ የተቀደሰውን ስለመንካት ነው። መንዙማ ምስጋና ነው፤ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ጸሎት ነው፤ በገና ለተመስጦ ነው። እነዚህን ከባልና ሚስት ጠብ ሥር እንደ ማጀቢያ ማንጠፍ ነውር ነው፤ የሚቃወሙትም ትክክል ናቸው። እኔ ግን ከዚህ የምደርስበት ድምዳሜ አትንኩት የሚል አይደለም፤ ቦታውን አክብሩለት የሚል ነው። በታሪኩ ውስጥ ሐድራ፣ ማለትም የዱዓና የዝክር ጉባኤ፣ ካለ መንዙማው በሐድራው ይሰማ፤ ሳይቆረጥ፣ ንግግር ሳይደረብበት፣ ባለቤቶቹ ተጠይቀውና ፈቅደው፤ ስማቸውም ተጠርቶ ተከፍሏቸው። ለላሊበሎችም ለአዝማሪዎችም ያው ነው። ለዘመናት የተናቁ ሰዎችን ድምፅ ያለ ስም ወስዶ ድራማን ማስዋብ በደሉን መድገም ነው። ዛሬ ያለስም ከመዝገብ እየተጎተተ በትዕይንት መካከል የሚገባው የዋሽንት ቁራጭ ከዚህ ክብር ያነሰ ነውና፣ ሙከራው በደንብ ከተሠራ ከነባሩ ልማድ ይልቅ አክባሪ ይሆናል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ባይነሣም እኔ ራሴ የማነሣው ነው፤ ጦርነቱ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ወልድያና አካባቢዋ በሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ በክልሉ ከዚያ በኋላ የተነሣው ግጭትም የተኩስን ድምፅ ከሰው ጆሮ አላራቀም። በእነዚህ ቦታዎች ልጅ ሳይቀር ቀላልና ከባድ መሣሪያን በድምፁ ይለያል። ስለዚህ የተኩስ ድምፅን ከመዝገብ አውጥቶ ድራማ ውስጥ መርጨት ለአዲስ አበባ አድማጭ ማሟሟቂያ፣ ለመርሳ አድማጭ ግን ቁስል መነካካት ነው። የድምፅ ሙከራ ትልቁ ጥቅም የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። ጦርነትን ያለ ተኩስ መናገር ይቻላል፤ ሁልጊዜ የሚጮኸው የገበያ ድምፅ አንድ ቀን ሲቀር፣ የቡናው ሙቀጫ በመካከል ሲቆም፣ ማማ ላይ የሚጮኽ ልጅ መልስ የሚሰጠው ሌላ ማማ ሲያጣ። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው «ሙሴኬዌያ» የተባለ የሬዲዮ ድራማ የእልቂቱን ታሪክ በቀጥታ ከመናገር ይልቅ በሁለት ምናባዊ ጎረቤት መንደሮች ጠብ በኩል ማለፉ ሰው እንዲሰማው አድርጎታል። እኛም በድምፅ እንዲህ ያለ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ያስፈልገናል።

የገንዘቡን ነገር ባጭሩ ልለፈው። የሬዲዮ ድራማ ከፋዩ ለጋሽ ድርጅት ነው፤ ለጋሹም መልእክቱ በቃል ተነግሮ ማየት ይፈልጋል። እውነት ነው፤ ግን የዛሬ ስልክ የትናንቱ ስቱዲዮ ከነበረው መቅጃ አያንስም፤ አሥራ አምስት ደቂቃ የሚሆን ድራማ ለመሥራት የሚያስፈልገው ትልቁ ወጪ የሰዎች ጊዜ ነው። ወጣቱ ወደ ስልክና ቪዲዮ ሄዷል የሚለውም ቢሆን የሬዲዮን ሞገድ እንጂ የድምፅ ድራማን አይገድልም፤ በስልክ የሚሰማ ድራማ ያው የጆሮ ድራማ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለሚመለከታቸው አቀርባለሁ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በሰሜን ወሎ የሚገኙትን ድምፆች፣ የአዝማሪውን፣ የላሊበሎቹን፣ የመንዙማውን፣ የሶለሉን፣ የማሽላ ጠባቂውን፣ ከባለቤቶቹ ፈቃድና ስም ጋር ቀርጾ ማንም የድራማ ሠሪ ሊጠቀምበት የሚችል መዝገብ ይክፈት፤ አንዳንዶቹን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ይሁን። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን በሳምንት አንድ አጭር የአየር ሰዓት መልእክት ለማይጠየቅበት የድምፅ ድራማ ይስጥ። ደራስያንም የሚቀጥለውን ክፍል ከመጻፋቸው በፊት ድርሰቱን አስቀምጠው አንድ የገበያ ቀን መርሳ ላይ ጆሮ ሰጥተው ይዋሉ።